የሚናገር እንጂ የማይሰማ ሬዲዮ
የጄኔቫ ማስጠንቀቂያና የዋግ ገበሬ

“ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ” የሚለውን የአባቶቻችንን ምክር የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በራሱ ቋንቋ ለመናገር እስከ 2022 ጠብቋል (ሌላ ካልተባለ በስተቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት መጋቢት ወር ዋና ጸሐፊው አንቶኒዮ ጉቴሬዝ በአምስት ዓመት ጊዜ ውስጥ በምድር ላይ ያለ ሰው ሁሉ በቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት እንዲጠበቅ ጥሪ አቀረቡ። በኅዳር ወር ሻርም ኤል ሼክ ላይ በተደረገው የአየር ንብረት ጉባኤ ደግሞ ዕቅዱ በዝርዝር ቀረበ። ዋጋው ከ2023 እስከ 2027 ድረስ 3.1 ቢሊዮን ዶላር ነው ተባለ።

ዕቅዱ አራት ምሰሶዎች አሉት። አደጋን ማወቅ ለተባበሩት መንግሥታት የአደጋ ሥጋት ቅነሳ ጽሕፈት ቤት፣ መከታተልና መተንበይ ለዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት፣ ማስጠንቀቂያውን ለሰው ማድረስ ለዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት፣ መዘጋጀትና መድረስ ደግሞ ለቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ ማኅበራት ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ተሰጥቷል። አራቱም ዋና መሥሪያ ቤታቸው ጄኔቫ ነው። ጫማው የሚመች ሰው አራቱንም በአንድ ከሰዓት በኋላ በእግሩ ሊያዳርሳቸው ይችላል። ለኛ ለኢትዮጵያውያን ጄኔቫ ሲባል ቀድሞ የሚታወሰን ሰኔ 1936 ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ያሰሙት ንግግር ነው። በዚህ ከተማ ከተነገሩት የቅድሚያ ማስጠንቀቂያዎች ሁሉ ከእርሱ የሚበልጥ ያለ አይመስለኝም። ያኔም ችግሩ ተናጋሪ መጥፋቱ አልነበረም።

ይህ ጸሐፊ ኑሮው ዙሪክ፣ ሙያው ምሕንድስና ነው። ስለ ሞገድና ስለ ማስተላለፊያ ለማውራት የሚያስችል ትምህርት አለው፤ ስለ ግብርና ግን ከአገሩ ገበሬ የተሻለ አውቃለሁ ብሎ አይነሣም። በእነዚህ መሥሪያ ቤቶች ሰነዶች፣ እነርሱን ተከትለው በሚወጡ የፕሮጀክት ጽሑፎችና የስብሰባ መግለጫዎች ላይ አንድ ቃል እየተደጋገመ ይመጣል፦ “የማኅበረሰብ ሬዲዮ”። የገጠሩ ሕዝብ ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር ራሱን እንዲያስማማ ይረዳል ይባላል። አባባሉ ትክክል ነው። ነገር ግን ቃሉ በጄኔቫ የተሰጠው ትርጉምና ቃሉ ሊኖረው የሚገባው ትርጉም ለየቅል ናቸው፤ የዚህም ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው። በሰነዶቹ ሬዲዮ የቧንቧ መጨረሻ ነው። ሳተላይቱ ያያል፣ ኮምፒውተሩ ያሰላል፣ አዲስ አበባ ያጸድቃል፣ ሬዲዮው ያነባል፣ ገበሬው ይታዘዛል። ውኃ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ከታች ወደ ላይ የሚሄድ ቱቦ በሥዕሉ ላይ አልተሳለም።

እስቲ መጀመሪያ ቧንቧው ስለሚያወርደው ነገር እንነጋገር። ከናይሮቢው የቀጣናው የአየር ንብረት ማዕከልም ሆነ ከኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየወቅቱ የሚወጣው ትንበያ ሦስት ሳጥኖች አሉት፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። አሠራሩ ቀላል ነው። የአንድ አካባቢ የ30 ዓመት የዝናብ መዝገብ ከትንሹ እስከ ትልቁ ይደረደርና በሦስት እኩል ይከፈላል። መጪው ክረምት ከሦስቱ በየትኛው ውስጥ ሊወድቅ እንደሚችል በመቶኛ ይነገራል። ለምሳሌ 45 በመቶ ከመደበኛ በላይ፣ 35 በመቶ መደበኛ፣ 20 በመቶ ከመደበኛ በታች ይባላል። ለሂሳብ ሰው ጥሩ ቋንቋ ነው። በሬዲዮ ሲነበብ ግን ምን ይሆናል? አንባቢው ጊዜ ስለሌለው፣ ወይም መቶኛው ስላልገባው፣ “ዘንድሮ ክረምቱ ጥሩ ነው ተብሏል” ብሎ ያሳጥረዋል። ከአምስት አንድ ዕድል የነበረው መጥፎ ክረምት ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ወጥቶ ይጠፋል። ያ መጥፎ ክረምት የመጣ ዕለት ገበሬው የሚደመድመው አንድ ነገር ነው፤ ሬዲዮው ዋሸ።

ከዚህ የባሰም አለ። ዋግ ኽምራ ውስጥ፣ ተከዜ ዳር ባሉት በዝቋላ፣ በአበርገሌና በሰሃላ ወረዳዎች “መደበኛ” ማለት ምን ማለት ነው? ዝናቡ በአብዛኛው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ተጨናንቆ የሚወርድበት፣ መሬቱ ተራቁቶ ድንጋይ የወጣበት አገር ነው። መደበኛው ራሱ አይበቃም። “መደበኛ ዝናብ ይጠበቃል” የሚለው ዜና ባሕር ዳር ላይ የምሥራች ሲሆን ዋግ ላይ የልማዱ ችግር ይቀጥላል ማለት ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ሞገድ፣ ሁለት ትርጉም። ደግሞም ገበሬው ሊያውቀው የሚፈልገው የዝናቡን ድምር አይደለም። መቼ ይገባል? ከገባ በኋላ ሁለት ሳምንት ተቋርጦ ቡቃያውን ያደርቀዋል ወይ? ነሐሴ መጨረሻ ላይ ይወጣል ወይስ መስከረምን ይሻገራል? የወሎና የሰሜን ሸዋ ቆላ ገበሬ ሚያዝያ ላይ ዘግይቶ የሚደርሰውን ማሽላ ይዘራል፤ ዝናቡ ካልያዘለት ሰኔ ወይም ሐምሌ ላይ አርሶ በቶሎ የሚደርስ ማሽላ ወይም ጤፍ ይተካል፤ እርሱም ካልሆነ በመጨረሻዋ እርጥበት ሽምብራ ይሞክራል። ይህ ሁሉ ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር መላመድ የሚባለው ነው፤ ፕሮጀክት ከመምጣቱ በፊት የነበረ። ለዚህ ገበሬ “ከመደበኛ በላይ 45 በመቶ” ማለት ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው።

ታዲያ ይህን ክፍተት ማን ይሞላዋል? እዚህ ላይ ነው እውነተኛ የማኅበረሰብ ሬዲዮ የሚያስፈልገው። ትንበያውን ይዞ ከሽማግሌዎቹ ጋር የሚቀመጥ፣ “እናንተ ዘንድ ዝናብ ገባ የሚባለው መቼ ነው?” ብሎ የሚጠይቅ፣ ባለፈው ሳምንት በየቀበሌው የጣለውንና ያልጣለውን ከአድማጭ ስልክ እየሰበሰበ የሚናገር፣ የዘር አቅርቦቱ የዘገየበትን ምክንያት የወረዳውን ግብርና ኃላፊ ማይክሮፎን ፊት አስቀምጦ የሚጠይቅ ጣቢያ። ይህን ሥራ ናይሮቢ አይሠራውም፤ አዲስ አበባም አይሠራውም። ቋንቋውም ሌላ ነው። ዋግ ላይ ኽምጥኛ የሚናገር ሕዝብ አለ። “ከመደበኛ በታች” የሚለውን በኽምጥኛ እንዲገባ አድርጎ መናገር የአስተርጓሚ ሥራ ብቻ አይደለም፤ እዚያው የኖረ ሰው ሥራ ነው።

በምሕንድስና ትምህርት ቤት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከምንማራቸው ነገሮች አንዱ ፊድባክ ነው። የቤት ማሞቂያ ክፍሉ ምን ያህል እንደሞቀ የሚነግረው ነገር ከሌለ ወይ ያቃጥልሃል ወይ ያቀዘቅዝሃል፤ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን። የጄኔቫው የቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ሥዕል በዚህ ዓይን ሲታይ መለኪያ የሌለው ማሞቂያ ነው። ማስጠንቀቂያው ስንት ሰው ጋ “ደረሰ” የሚለውን ይቆጥራል። ሰው ምን መለሰ የሚለውን የሚሰማ ጆሮ ግን የለውም። ሰነዶቹ ውስጥ ስለ “ተሳትፎ” የሚያወሩ ምዕራፎች እንዳሉ አውቃለሁ። ተሳትፎ ማለት ግን አንድ ጊዜ ተሰብስቦ አበል ተቀብሎ መሄድ ከሆነ እርሱን ቤታችን እናውቀዋለን።

የኢትዮጵያ ታሪክ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ላይ ከማንም የመማሪያ መጽሐፍ ይበልጣል። የ1966ቱ ዓ.ም. የወሎ ረሃብ የደረሰው መረጃ ጠፍቶ አልነበረም። መረጃው በየመሥሪያ ቤቱ ነበር፤ የወሎ ሰው ራሱ እየተራበ መንገድ ላይ ተሰልፎ ነበር። ዓለም ያወቀው ግን በጥቅምት 1973 ጆናታን ዲምብልቢ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ያሳየው ፊልም ነው። የ1977ቱም እንዲሁ። የእርዳታ ማስተባበሪያው ኮሚሽን የቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ክፍል ነበረው፤ በ1984 መጀመሪያ ላይ ለለጋሾች ጥሪ አቅርቧል። መስከረም ላይ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ተከበረ። የኮረም ሕዝብ ድምፅ የተሰማው ጥቅምት 23 በቢቢሲ ነው። ከዋግና ከላስታ በእግሩ ወርዶ ኮረም ላይ የሞተው ሰው የጎደለው “ድርቅ ይመጣል” የሚለው ማስጠንቀቂያ ነበር? ድርቁን በዓይኑ እያየ! የጎደለው የእርሱን ቃል አዲስ አበባ ድረስ የሚያደርስ ሽቦ ነው። አማርትያ ሴን በ1981 ባወጣው መጽሐፉ የወሎን ረሃብ መርምሮ በአገሪቱ ያለው ምግብ ድምር እምብዛም እንዳልቀነሰ፣ ይልቁንም ገበሬው የመግዛት አቅሙን እንዳጣ አሳይቶናል፤ በኋላም ነፃ ፕሬስ ባለበት ዴሞክራሲያዊ አገር ታላቅ ረሃብ አልታየም ሲል ጻፈ። እኔ በሙያዬ ቋንቋ ስመልሰው፣ ፊድባኩ የተቆረጠ ሥርዓት ራሱን ማረም አይችልም ማለት ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። በዚያው በ1984 መጨረሻ፣ የኮረም ምስል በየቴሌቪዥኑ በሚታይበት ሰሞን፣ ጄኔቫ ላይ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጉባኤ ተቀምጦ ለአውሮፓና ለአፍሪካ የኤፍ ኤም ፍሪኩዌንሲ ሲያከፋፍል ነበር። ዛሬም የሚሠራበት የ1984ቱ የጄኔቫ ስምምነት የሚባለው ነው። ኢትዮጵያም በዚያ ክልል ውስጥ ናት። ያ ሰማይ ግን ለረጅም ዓመታት ባዶውን ኖረ። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 የተከፈተው በ2000 ነው፤ እርሱም አዲስ አበባ ላይ።

“ያ ያለፈ ዘመን ነው” የሚል ካለ ወደ 2024 ልውሰደው። በጥር ወር መጨረሻ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ከድርቁና ከረሃቡ ጋር በተያያዘ 372 ሰዎች መሞታቸውን አስታወቀ፤ 351 በትግራይ፣ 21 በአማራ ክልል። ከቀናት በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለፓርላማ በኢትዮጵያ በረሃብ የሚሞት ሰው የለም የሚል መልስ ሰጡ። እዚህ ላይ ማን ትክክል ነው የሚለውን ለመዳኘት አልተነሣሁም። ጥያቄዬ የቴክኒክ ጥያቄ ነው። በዚያ ሳምንት ዋግ ውስጥ ያለ የማኅበረሰብ ሬዲዮ የትኛውን ዓረፍተ ነገር ማንበብ ይችል ነበር? የሟቾቹ ጎረቤቶች ደውለው ስም ቢጠሩ ስልኩን የሚያነሣው ወጣት ምን ይላል? ጄኔቫ ውስጥ ስለ ማኅበረሰብ ሬዲዮና ስለ አየር ንብረት የተጻፈ ሰነድ ሁሉ በዚህ ጥያቄ ሊፈተን ይገባዋል። እኔ ካነበብኳቸው መካከል ጥያቄውን ያነሣ አላገኘሁም።

የማኅበረሰብ ሬዲዮ ሕጋዊ መልክ የያዘው በ1999 ዓ.ም. በወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533 ነው። አዋጁ ብሮድካስትን የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ብሎ ለሦስት ከፍሎ የማኅበረሰቡን ትርፍ የማያሳድድ፣ በማኅበረሰቡ ፈቃድና ፍላጎት የሚቋቋም አድርጎ ደነገገው። በወረቀት ደረጃ ነቀፌታ አይወጣለትም። ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ ኮሬ፣ በጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ በከምባታ፣ በኮምቦልቻ፣ በዋግ ኽምራና በሌሎችም ቦታዎች ጣቢያዎች ፈቃድ አገኙ። በነዚህ ጣቢያዎች የሠሩ ወጣቶችን ድካም ማንም አይክድም። ገንዘቡ ግን ከየት ይመጣል? ከማኅበረሰቡ አይደለም፤ ማኅበረሰቡ ድሃ ነው። አንድም ከእርዳታ ድርጅት፣ አንድም ከዩኒቨርሲቲ፣ አንድም ከአካባቢው አስተዳደር። የእርዳታ ድርጅቱ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ይሄዳል። የሚቀረው አስተዳደሩ ነው። የጋዜጠኛውን ደመወዝ የሚከፍለው ሰውና ማዳበሪያው ለምን ዘገየ ተብሎ ሊጠየቅ የሚገባው ሰው አንድ ኮሪደር ላይ ይቀመጣሉ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ 1238 በብዙ መልኩ የተሻለ ነበር፤ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ገለልተኛ ቦርድ እንዲኖረው አደረገ። በሚያዝያ 2025 ፓርላማው ያጸደቀው ማሻሻያ ግን ፈቃድን የሚነኩ ሥልጣኖችን ከቦርዱ ወደ ባለሥልጣኑ መለሳቸው። ይህን ዜና ያነበበ የአየር ንብረት ባለሙያ ስንት ይሆናል? ለነርሱ የፕሬስ ሕግና የድርቅ መከላከል በሁለት የተለያዩ ሕንፃዎች የሚኖሩ ጉዳዮች ናቸው። ዋግ ላይ ግን አንድ ናቸው።

“ዛሬ ሞባይል እያለ ሬዲዮ ምን ያደርጋል?” የሚሉም አሉ። የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረቱም ልቡ ወደዚያው ያደላል፤ ከአንድ ማማ ሥር ላሉ ስልኮች ሁሉ በአንድ ጊዜ መልእክት የሚያወርደውን ሴል ብሮድካስት የተባለውን ዘዴ አጥብቆ ያስተዋውቃል። ለድንገተኛ ጎርፍ ግሩም መሣሪያ ነው፤ ከተራራ ናዳ ለመሸሽም ደቂቃዎችን ሊያስገኝ ይችላል ብዬ እቀበላለሁ። ድርቅ ግን ደቂቃ አይጠይቅም። ድርቅ ወራት የሚወስድ ክርክር ነው፤ ከብቱን አሁን ልሽጥ ወይስ ልጠብቅ፣ ዘሩን ልብላው ወይስ ልዝራው የሚል። በ90 ፊደል መልእክት አይፈታም። በዚያ ላይ ስልክ በአንድ ትእዛዝ ከአንድ ቦታ ይዘጋል። ትግራይ በጦርነቱ ዓመታት ከ2020 እስከ 2022 አብዛኛውን ጊዜ ያለ ስልክ ኖራለች። በአማራ ክልል ከነሐሴ 2023 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጧል። ባትሪ ድንጋይ የሚበላ ሬዲዮ ይህ አያገኘውም። በ2014 የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ የከፈተው 8028 የስልክ መስመር ጥሩ ሥራ ነበር፤ ገበሬው ደውሎ ስለ ሰብሉ ምክር ይሰማል። ነገር ግን አንዱ ገበሬ የሰማውን ጎረቤቱ አይሰማም። ሬዲዮ ላይ የአንዱ ጥያቄ የሁሉ ጥያቄ ይሆናል፤ ሹሙም ሰዎች ሁሉ እንደሰሙት እያወቀ ይመልሳል።

ከጄኔቫ ወደ ዙሪክ የምሻገረው እዚያ ስለምኖር ብቻ አይደለም። ዙሪክ ስለ ማኅበረሰብ ሬዲዮ አንድ የሚነገር ታሪክ ስላላት ነው። ስዊስ ውስጥ እስከ 1983 ድረስ በሕግ የተፈቀደው የሕዝብ ብሮድካስቲንግ ድርጅቱ ብቻ ነበር። በኅዳር 1979 ሮጀር ሻቪንስኪ የተባለ ጋዜጠኛ ጣሊያን ድንበር ላይ ፒዞ ግሮፔራ የሚባል ተራራ አናት ላይ ማስተላለፊያ ተክሎ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ አሻግሮ ዙሪክን ማናገር ጀመረ (ለምን ተራራ አናት ላይ እንደሆነ የኤፍ ኤም ሰው ይገባዋል)። በ1980 የዙሪክ ወጣቶች ለኦፔራ ቤቱ ይህን ያህል ገንዘብ ሲሰጥ ለኛ ምን አለን ብለው አደባባይ ወጡ፤ ከተማዋ ለወራት ታመሰች። መንግሥት በመጨረሻ በኅዳር 1983 የአካባቢ ሬዲዮዎችን ለሙከራ ፈቀደ። በዚያው ወር ሥርጭት የጀመረው ራዲዮ ሎራ እስከ ዛሬ አለ። ማስታወቂያ አይቀበልም። አባላቱ ይከፍላሉ፤ ከአገሪቱ ሕዝብ ከሚሰበሰበው የብሮድካስት ክፍያም ድርሻ ያገኛል። ወደ 20 በሚጠጉ ቋንቋዎች ስደተኛው በራሱ አንደበት ይናገርበታል። መንግሥትን በየቀኑ ይሰድባል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ክፍያው ግን አይቋረጥበትም፤ በሕግ የተቀመጠ ነውና። ሎራን ከሰቆጣ ጋር ማወዳደር ተገቢ አይደለም የሚል ካለ የሀብቱን ልዩነት እቀበላለሁ። ነገር ግን ሎራን ያቆመው ሀብት ሳይሆን ሹሙ ሊነካው የማይችለው የገቢ ምንጭ ነው። ይህንን ድሃ አገርም በሕግ ሊጽፈው ይችላል።

ስለ ዙሪክ ካነሣሁ አይቀር የስዊስ ሪን ነገርም ልበል። ይህ የዙሪክ ግዙፍ የጠለፋ መድን ድርጅት ከኦክስፋም አሜሪካና ከማኅበረ ረድኤት ትግራይ ጋር ሆኖ አዲ ሐ በምትባል የትግራይ መንደር የዝናብ መድን አስጀመረ። በ2009 የገቡት 200 አባወራዎች ነበሩ፤ በኋላ ብዙ ሺህ ሆኑ። ገበሬው ጤፉ መድረቁን ማስረዳት አያስፈልገውም፤ ሳተላይት ዝናቡን ይለካል፣ ከተወሰነው መጠን ከወረደ ካሳ ይከፈላል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ አልነቅፈውም። ልብ በሉ ግን፦ አዲ ሐ ዘነበ ወይስ አልዘነበም የሚለው መረጃ ገንዘብ ሲያያዝበት ከመንደሯ እስከ ዙሪክ ድረስ ያለ ችግር ይደርሳል። ሳተላይቱ “ዘንቧል” ብሎ የገበሬው ማሳ ደርቆ ሲገኝስ? ይህ በመድኑ ሙያ የታወቀ ጉድለት ነው። ያን ጊዜ “የኛ ጋ አልጣለም!” የሚል ድምፅ የሚሰማበት መሣሪያ ያስፈልጋል፤ አንድ ማሳ ብቻ ሳይሆን መንደሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲናገር መለኪያው ይታረማል።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ ልምጣ። በኢትዮጵያ ያሉ ባለሥልጣናት፣ እንዲሁም እዚህ ያሉ ብዙ ቅን ሰዎች፣ ነፃ የአካባቢ ሬዲዮ ሲባል ሩዋንዳን ያስታውሳሉ። ሚል ኮሊን ራዲዮ በ1994 ምን እንዳደረገ ማንም አይረሳውም። ዛሬ ኢትዮጵያ ውስጥ ወንዝ ለወንዝ የተከፋፈለ ጥላቻ ባለበት ጊዜ ለየወረዳው ማይክሮፎን ማደል እሳት ማቀበል አይሆንም ወይ? ይህ ጥያቄ በማሾፍ የሚታለፍ አይደለም። የምሰጠው መልስ ሚል ኮሊን የማኅበረሰብ ሬዲዮ አለመሆኑ ነው፤ ከገዢዎቹ ክበብ ጋር በተሳሰሩ ባለገንዘቦች የተቋቋመ፣ ለመናገር እንጂ ለመስማት ያልተሠራ ጣቢያ ነበር። የስዊስ ጋዜጠኞች ከዚያ መዓት ተነሥተው በ1995 ሎዛን ላይ ፎንዳሲዮን ኢሮንዴልን ሲያቋቁሙ መልሳቸው ዝምታ አልነበረም፤ ሌላ ሬዲዮ ነበር። ደግሞስ ጥላቻው ዛሬ በሬዲዮ ነው እንዴ የሚነዛው? አብዛኛው ከስልክ ወደ ስልክ ነው፤ ከፊሉም ከእኛው ከውጭ ነዋሪዎቹ ሳሎን።

አዎ፣ እኛም በዚህ ወቀሳ ውስጥ አለንበት። ዳያስፖራው በአጭር ሞገድ፣ በሳተላይት፣ በኋላም በዩቲዩብ ለአገር ቤት ሲናገር ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ስለ ስንዴ ዋጋ፣ ስለ በልግ መቅረት፣ ስለ አንበጣ ስንት ሰዓት አወራን? ስለ ሥልጣንስ? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ስንናገር የገዛ ድምፃችን ጣፍጦን ገበሬው ምን እንደሚል የጠየቅንበት ጊዜ ጥቂት ነው። ከጄኔቫ ቢሮክራት በምን ተለየን? እርሱ ትንበያ ያወርዳል፣ እኛ ፖለቲካ እናወርዳለን። ሁለታችንም ቧንቧ ነን።

ይህ በእንዲህ እንዳለ ከውጭ የሚመጣው ማስጠንቀቂያ ራሱ አስተማማኝ እንዳልሆነ 2025 አሳይቶናል። ከ1984ቱ ረሃብ በኋላ አሜሪካ ያቋቋመችው ፊውስ ኔት የተባለው የረሃብ ማስጠንቀቂያ መረብ በጥር ወር ዋሽንግተን ላይ በተላለፈ ውሳኔ ለወራት ጨለመ። በመጋቢት የአሜሪካ ድምፅ ዝም ተባለ። ገንዘቡን የሚሰጠው ሰው እጁን ሲያነሣ ጆሮም አፍም አብረው ይዘጋሉ ማለት ነው። የዋግ ሽማግሌ ሰማዩን ማየት ግን አላቆመም፤ የሚያየውን የሚቀበለው ጠፋ እንጂ።

ይህን ሁሉ የምጽፍበት ምክንያት አለ። የስዊስ የሕዝብ ብሮድካስቲንግ ድርጅት በታኅሣሥ 31 ቀን 2024 የኤፍ ኤም ሥርጭቱን አጥፍቶ ሙሉ በሙሉ ወደ ዲጂታል ዞሯል። በየተራራው የቆሙ ደኅና ማስተላለፊያዎች ሥራ ፈቱ። በዚህ አገር ያለን ኢትዮጵያውያን ስንገናኝ “ለምን አንዱን ገዝተን ወደ አገር ቤት አንልክም?” የሚል ሐሳብ መነሣቱ አልቀረም። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ለኔም እንደ ባለሙያ ያጓጓኛል። በሜዳ ላይ ከ50 ሜትር ምሰሶ የሚነሣ የኤፍ ኤም ሞገድ 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሄዶ ከአድማስ በታች ይቀራል፤ ዋግ ደግሞ ሜዳ አይደለም፤ ከአንድ ገደል ማዶ ያለ መንደር ጥላ ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ አንድ ትልቅ ሳይሆን ሦስት አራት ትንንሽ ማስተላለፊያ በፀሐይ ኃይል እየሠሩ ተራራ ላይ መቀመጥ አለባቸው። ይህ ይሠራል፤ ሂሳቡን እኔ በነፃ እሠራዋለሁ።

ዕቃው ከመጫኑ በፊት ግን ሰብሳቢዎቹ እነዚህን ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ እንዲያመጡ እፈልጋለሁ። ፈቃዱ በማን ስም ነው? ቦርዱን ማን ይመርጣል፣ በዚያ ላይስ የዞኑ አስተዳደር ስንት ወንበር አለው? ሴቶች ከሬዲዮው አጠገብ በሚሆኑበት ሰዓት ነው ወይ ፕሮግራሙ፣ ወይስ ባል ሬዲዮውን ይዞ ጠላ ቤት ሲሄድ? ሦስተኛው ዓመት ላይ፣ የኛ ሞቅታ ሲበርድ፣ ደመወዙ ከየት ይመጣል? ከሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩቱ ጋር ያለው ስምምነት ትንበያ ለመቀበል ብቻ ነው ወይስ ጣቢያው ከቀበሌዎች የሚሰበስበውን የዝናብ ወሬ ኢንስቲትዩቱ ሊቀበልና ሊጠቀምበት ይፈርማል? አንድ ሰው ደውሎ “ልጄ በረሃብ ሞተ” ቢል በቀጥታ ሥርጭት ይተላለፋል ወይስ ይቆረጣል፣ የሚቆርጠውስ ማን ነው? ደግሞም አድማጭ የሚደውልበት ስልክ ሂሳቡ የሚቆጠረው በጣቢያው ላይ መሆን አለበት። ስንት ደቂቃ፣ በወር ስንት ብር እንደሚሆን ለማወቅ የኢትዮ ቴሌኮምን የዋጋ ዝርዝር ማየት ይበቃል፤ ከማስተላለፊያው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ በጀት ሲሠራ ግን መጀመሪያ የሚሰረዘው መስመር እርሱ ነው።